በጨረር ሕክምና ጊዜ የበሽተኛ ገበታ

ከባድ ሕመም ወደ አንድ ቤት በገባ ጊዜ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሐኪሙና ስለ መድኃኒቱ ነው። «በሽተኛዋ ዛሬ ምን ቀመሰች? ስንት ጊዜስ በላች?» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ የማድ ቤት ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ በዚህ ወር ልናጫውታችሁ ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ማድ ቤቱ ጉዳይ ነው። የምንጽፈውም በ2015 ዓ.ም. የአባታችንን እኅት በቤታችን ተቀብለን ባስታመምንበት ወራት በዓይናችን ያየነውን፥ ከሐኪሞችና ከነርሶች የሰማነውን፥ በኋላም አንብበን የተረዳነውን ነው። አክስታችን ይህ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ስማቸው እንዲነሣ ግን አልፈለጉም።

የአክስታችን ሕመም የማሕፀን በር ካንሰር ነው። ይህ ሕመም በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ሲሆን፥ መነሻው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚባል፥ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ይህን የገለጡት ጀርመናዊው ሐኪም ሐራልድ ሱር ሐውሰን በ2001 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቫይረሱ እጅግ የተስፋፋ ስለ ሆነ ከአንድ ባሏ በቀር ሌላ የማታውቅ፥ በሕግ የጸናች ሴትም ልትያዝ ትችላለች። ስለዚህ ሕመሙን ከነውር ጋር አያይዞ ማማት ድንቍርና ነው እንላለን። ክትባቱ በመላ አገሪቱ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶችም በጤና ጣቢያ የሚደረግ ቀላል ምርመራ አለ። ሴት ልጅ ያለው ቤተ ሰብ ሁለቱንም አጥብቆ ይጠይቅ። እኛ ግን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ።

አክስታችን የወር አበባቸው ከተቋረጠ ዘጠኝ ዓመት ሆኖአቸው ነበር። በሰሜን ሸዋ ደጋ በምትገኘው መንደራቸው ሳሉ ደሙ ተመልሶ መታየት በጀመረ ጊዜ ለማንም አልተናገሩም። ነገሩን የጠረጠረችው አንዲት ጎረቤታቸው ናት፤ የጠረጠረችውም እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ፥ ከጽዱ ሥር ቆመው ሲያስቀድሱ ስላየቻቸው ነው። ደም የሚታያት ሴት ወደ ውስጥ አትገባም በሚለው ሥርዓት ጸንተው አንድ ዓመት ከአራት ወር በደጅ ቆመዋል። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፥ ጥቂት ጠብታም ቢሆን፥ ፈጥኖ ለሐኪም ሊታይ የሚገባው ምልክት መሆኑን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ጎረቤታቸው ወደ እኛ ባትደውል ኖሮ ሁለተኛውንም ዓመት በዚያው በጽዱ ሥር በጨረሱት ነበር።

በአዲስ አበባ ምርመራው ተፈጽሞ ሕክምናው የተጀመረው ሰኞ የካቲት 6 ቀን ነው። ካንሰሩ ከማሕፀን በር አልፎ ወደ ጎን ስለ ተስፋፋ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አልነበረም። ሐኪሙ ያዘዙላቸው በሳምንት አምስት ቀን፥ ለአምስት ሳምንት፥ በድምሩ 25 ጊዜ ከውጭ የሚሰጥ ጨረር ነው። ከዚሁ ጋር በየሳምንቱ አንድ ቀን ሲስፕላቲን የተባለ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፤ በመጨረሻም ጨረሩን ከውስጥ፥ ከዕጢው አጠገብ የሚያደርሰው ብራኪቴራፒ ይከተላል። ይህ ሁሉ በስምንት ሳምንት ውስጥ እንዲፈጸም ይፈለጋል። ከዚያ በተራዘመ መጠን ዕጢውን ፈጽሞ የማጥፋቱ ተስፋ እየቀነሰ ይሄዳልና፥ በአንድ ቀን መቅረት እንደ ቀላል ነገር አይታይም።

በመጀመሪያው ቀን ነርሷ ሚዛን ላይ አቆመቻቸው፤ 48 ኪሎ ተኩል ሆኑ። ከስድስት ወር በፊት በወረዳቸው ጤና ጣቢያ በካርዳቸው ላይ የተጻፈው 54 ኪሎ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ከክብደታቸው ከመቶ ዐሥር እጅ ያህል ሄዶአል ማለት ነው። ሐኪሞች በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ ሳይፈልጉት ከመቶ አምስት እጅ በላይ መቀነስን እንኳ እንደ ማስጠንቀቂያ ይቈጥሩታል። አክስታችን ግን መቅጠናቸውን ለዕድሜ ሰጥተው፥ መቀነታቸውን አንድ ዙር ጨምረው መታጠቅን ለምደው ነበር። የደማቸው መጠን ሲለካም ሄሞግሎቢናቸው 9.2 ሆኖ ተገኘ፤ ለሴት ከ12 ባያንስ መልካም ነው። ይህም ለድካማቸው ብቻ የሚታሰብ አይደለም። ጨረር ሥራውን በሚገባ የሚሠራው ኦክሲጅን በበቂ በሚደርሰው ሥጋ ላይ ስለ ሆነ፥ ደም ባነሰ ቍጥር ዕጢው ጨረሩን ይቋቋማል። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣቸውና ጀመሩ።

እንግዲህ ዋናው ፈተና የመጣው በሳምንቱ ነው። ሁዳዴ በዚያ ዓመት የገባው ሰኞ የካቲት 13 ቀን ነበር። አክስታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ የሚጾሙ ሴት ናቸው። ጨረር የሚገቡበት ሰዓት ደግሞ ጧት አራት ሰዓት ነው፤ ከመግባታቸውም በፊት ብዙ ውኃ ጠጥተው ፊኛቸውን እንዲሞሉ ታዝዘዋል። የሞላ ፊኛ አንጀትን ወደ ላይ ገፍቶ ከጨረሩ መንገድ ገሸሽ ያደርገዋልና ትእዛዙ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። በሁዳዴ መግቢያ ሰኞ ባለሙያው ሲያይ ፊኛቸው ባዶ ነው፤ «ውኃ ጠጥተው ይመለሱ» ብሎ አስወጣቸው። እርሳቸውም ወጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፥ ውኃውንም ሳይነኩት ተራቸው አለፈ። በዚያ ቀን ጨረሩ ሳይሰጥ ቀረ።

በማግሥቱ አንድ ወጣት ሐኪም በቍጣ «እማማ፥ መዳን ነው የሚፈልጉት ወይስ መጾም?» አላቸው። ለሕይወታቸው ተቈርቍሮ እንደ ተናገረ እናውቃለን፤ ነገር ግን ጥያቄው የሚጠቅም ጥያቄ አልነበረም። በእርሳቸው ልብ ሁለቱ አንድ ነገር ናቸውና፥ ምረጪ የተባለችውን ሴት ከመካከላቸው አላገኙአትም። መልስ ሳይሰጡ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ዝም አሉ።

በዚያው ማታ ወደ ንስሐ አባታቸው ደወልን። አክስታችን ስልኩን ሲቀበሉ ከአልጋው ተነሥተው ቆሙ፥ ራሳቸውንም ተከናነቡ። «አባቴ፥ በጤናዬ ፈትቼው የማላውቀውን ጾም በአልጋ ላይ ሆኜ ልፍታው?» አሏቸው። እኒያ አባት ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ ሥጋሽ እኮ ሳትጠይቂው በግዱ እየጾመ ነው። ሐኪሙ ብዪ ሲልሽ ብዪ፥ ጠጪ ሲልሽ ጠጪ። ከመብላትሽ በፊት አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ። ዕዳው በእኔ ይሁን» ብለው መለሱላቸው። በሐዋርያት ስም በሚጠራው ቀኖናም ጾምን የሚተወው ሰው ሲገሠጽ፥ በሥጋ ደዌ የተከለከለው ግን ከዚያ ተለይቶ የታየ ነው። እኛ ይህን ጠቅሰን ብንነግራቸው ኖሮ የተማረ ሰው ክርክር መስሎ ይታያቸው ነበር። ከንስሐ አባታቸው አፍ ሲሰሙት ግን በማግሥቱ ጧት ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጥተው ገቡ።

ይሁን እንጂ የራሳቸውን ውል አኖሩ። እንቍላልና ወተት ይቀበላሉ፤ ዶሮና ሥጋ እስከ ፋሲካ አይታሰብም። የሚበስልላቸው በተለየ ድስት ይሆናል፤ ማማሰያውም ይለያል። የሚበሉትም በጓዳ ነው። «የእናንተን ጾም አላስነውርም» አሉ። የሰባት ዓመት ልጃችን የእንቍላሉ ሽታ ቢደርሰው «በጓዳ ፋሲካ ሆነ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፤ ከእርሳቸው በቀር የሳቀ የለም።

በዚህ ላይ የራሳችንን አሳብ እንናገር። ብዙ ሰው በሽተኛን የሚጐዳው የጾም ምግብ ነው ብሎ ያስባል፤ ይህ በሙሉ እውነት አይደለም። በካንሰር ሕክምና ላይ ላለ ሰው ዛሬ የሚመከረው በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ፥ ከፕሮቲንም ከ1 ግራም በላይ፥ ቢቻል እስከ 1 ግራም ተኩል ነው። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ይህ ከ1250 እስከ 1500 ኪሎ ካሎሪና ከ50 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። አንድ ብርጭቆ ሙሉ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲሰጥ፥ አንድ እንቍላል 6 ግራም፥ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ ይሰጣል። እንግዲህ ሽሮው፥ ምስሩና ክኩ፥ ዘይት ጠገብ ብሎባቸው፥ የለውዝ ቅቤ የተበጠበጠበት አጥሚት ቢታከልባቸው፥ ጾሟን አልፈታም ያለችውን በሽተኛ እንኳ ብዙ መንገድ ይሸኙአታል። ጕዳቱ ያለው በሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ የዋለ ሰው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት፥ ያውም እያቅለሸለሸው፥ የቀኑን ምግብ ሊሞላ አይችልም። ከዚህም የሚከፋው ጥማቱ ነው። ሲስፕላቲን ኵላሊትን የሚጐዳ መድኃኒት በመሆኑ በብዙ ፈሳሽ ታጥቦ ሊወጣ ይገባዋል፤ ሆስፒታሉ በግሉኮስ መስቀያው የሚሰጠውን ቤቱ በብርጭቆ ካላገዘው ኵላሊት ይደክማል፥ የሚቀጥለውም ሳምንት መድኃኒት ይከለከላል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት ትተነዋል።)

እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ገበታችን ደኅና ሄደ። ማቅለሽለሹ ሲስፕላቲን በተሰጠ ቀንና በማግሥቱ ይበረታል፤ በእነዚያ ቀኖች ትኵስና ሽታው የሚያውድ ምግብ አናቀርብም ነበር። ቀዝቀዝ ያለ በሶ፥ ደረቅ ዳቦ፥ ጥቂት በጥቂት በቀን ስድስት ጊዜ እንሰጣለን። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ከምግብ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ መዋጥ ብዙ ረድቶአቸዋል። ቡናቸውን ግን ማንም ሊያስተዋቸው አልቻለም። ቡናና ሻይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፥ አንዲት ስኒ ብቻ፥ እርሷም ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ እንድትሆን ተስማማን። እኛ ሰዓት ስናይ እርሳቸው ጀበናውን ያዩ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ተለወጠ። ጨረሩ ዕጢውን ለማግኘት የሚያልፈው በአንጀት አጠገብ ነውና የአንጀት ሽፋን ይቈስላል፤ ተቅማጡም በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ጥሩ የነበረው ምግብ አሁን ጠላት ሆኖ ተገኘ። ባቄላው፥ ሽንብራው፥ ጐመኑ፥ ተልባው፥ በርበሬው ሁሉ አንጀትን የሚያነሣሣ ነው። ንጹሕ ወተትም ያነፋቸው ጀመር፤ የቈሰለ አንጀት የወተትን ስኳር መፍጨት ያቅተዋልና። በዚያ ሳምንት ድስቱ እንደ ገና ተለወጠ፤ ነጭ ሩዝ፥ የተቀቀለ ድንች፥ በሚገባ የበሰለ ካሮት፥ ሙዝ፥ ቀጭን አጥሚት፥ በደንብ የተቀቀለ እንቍላል፥ ከፈላ ወተት የተዘጋጀ እርጎ ሆነ። አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጠን በአልጋቸው ራስጌ እናኖራለን፤ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ አንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ። የንስሐ አባታቸው ፈቃድ ምን ያህል እንደ ጠቀመ ያየነው በዚህ ጊዜ ነው። ጥራጥሬው ከገበታ ሲነሣ፥ እንቍላሉና እርጎው ባይኖሩ፥ ከስታርች በቀር የሚቀርብላቸው ነገር ባልነበረ።

መካሪ ደግሞ አልጠፋም። አንዷ ስኳር ካንሰርን ስለሚመግብ አጥሚቱ ያለ ስኳር ይሁን አለች፤ ሌላዋ እንቍላል ሕመሙን ይቀሰቅሳል አለች፤ አንድ የሩቅ ዘመድ የማናውቀውን የቅጠል ጭማቂ በጠርሙስ ይዘው መጡ። ስኳርን ስለ ማብዛት ጤነኛም ቢሆን ይምከርበት፤ ነገር ግን ክብደቷ በየሳምንቱ የሚወርድ ሴት ከአጥሚቷ ስኳሩን ብትከለከል ካንሰሩ አይራብም፥ የምትራበው እርሷ ናት። የጠርሙሱን ነገር ለነርሷ ብናሳያት፥ የማይታወቅ ቅጠል ከሲስፕላቲን ጋር ተደርቦ ጕበትንና ኵላሊትን ሊጐዳ ይችላል አለችን፤ ዘመዳችንን አመስግነን ጠርሙሱን አኖርነው። ስለ ጥሬ ሥጋና ስላልፈላ ወተትም እንዲሁ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶናል፤ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ በጤና ጊዜ የሚታለፍ ተሕዋስ በሕክምና ጊዜ ሊገድል ይችላል።

ስለ ጠበል ግን ልዩ ቃል ያስፈልጋል። አክስታችን ጠበል በየጧቱ በባዶ ሆድ መጠጣት ይፈልጉ ነበር፤ ይህንንም የከለከላቸው የለም። ከጠጡ በኋላ ግን ቍርሳቸው ይቀርባል፥ መድኃኒታቸውም ይከተላል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ጠበልን አስበልጠው የጨረር ቀጠሮአቸውን ትተው የሚሄዱ እኅቶችን በሆስፒታሉ ደጅ አይተናል፤ ከወራት በኋላ ሲመለሱ ሕመሙ ሌላ ደረጃ ላይ ደርሶ ይገኛል።

በአራተኛው ሳምንት አንዲት የጤና ተማሪ ለጥናት መጥታ ስለ ኑሮአቸው ጥራት ትጠይቃቸው ጀመር። መጠይቁ በአውሮፓ የተዘጋጀ ነው፤ 30 ጥያቄዎች ለማንኛውም የካንሰር በሽተኛ፥ 24 ደግሞ ለማሕፀን በር ካንሰር ብቻ አሉት። ስለ ድካም፥ ስለ እንቅልፍ፥ ስለ ምግብ ፍላጎት፥ ስለ ገንዘብ ችግር፥ ስለ ባልና ሚስት ነገርም ይጠይቃል። አብዛኛው መልስ «ፈጽሞ» ከሚለው ጀምሮ «እጅግ» እስከሚለው በአራት ደረጃ የሚሰጥ ነው። አክስታችን ድካሙን «እጅግ» አሉ፤ የምግብ ፍላጎት ማጣትን «ጥቂት» አሉ፤ ወደ ባልና ሚስቱ ጥያቄ ሲደረስ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው «ልጄ፥ እርሱን እለፊው» አሉአት። መጠይቁን አንነቅፍም፤ ሐኪም ሕመምን ብቻ ሳይሆን ኑሮንም ለመለካት መነሣቱ መልካም ነው። አክስታችን ግን የራሳቸው መለኪያ ነበራቸው። ተማሪዋ ከሄደች በኋላ ቀስ ብለው የነገሩን፥ ደሙ ከቆመ አምስት ቀን እንደ ሆነው ነው። ይህን ከወረቀቱ ላይ ማንም አልጻፈውም።

ሌላም ነገር አይተናል፤ ይኸውም ከሩቅ አገር የመጡትን ሴቶች ነው። ከሃያ ዓመታት በላይ በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን በጅማና በሐረርም ተከፍቶአል። ይህም ሆኖ ከአክስታችን ጋር ወረፋ ይጠብቁ ከነበሩት ሴቶች ብዙዎቹ ወረፋው እስኪደርሳቸው ወራት የቈጠሩ ነበሩ። አንዷ በቀን የአልጋ ኪራይ ከፍላ ስታበቃ የሚተርፋት ለሁለት ዳቦ ብቻ ነው፤ ለእርሷ «ፕሮቲን ጨምሪ» ማለት ቀልድ ይሆናል። አክስታችን ይህን ካዩ በኋላ ሁለት የተቀቀለ እንቍላል በመሐረብ ቋጥረው መሄድ ጀመሩ፤ አንዱን ለራሳቸው አንዱን ለእርሷ። በከተማው ከሩቅ ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያና ምግብ የሚሰጡ ማኅበራት አሉ፤ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አንዱ ነው። ዕድራችሁ ወይም ጽዋ ማኅበራችሁ በዓመት ለመልካም ሥራ የሚያወጣው ገንዘብ ካለ፥ አንዲት ሴት በጨረር ላይ በምትቈይባቸው ስምንት ሳምንታት የምትበላውን ማሰብ ይቻላል።

የአክስታችን ሕክምና የተፈጸመው መጋቢት 27 ቀን ነው፤ በስምንት ሳምንቱ ውስጥ ገባ። በመጨረሻው ቀን ሲመዘኑ 47 ኪሎ ሆኑ። አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ መቀነሳቸውን ነርሷ አድንቃ ጻፈችው። በሆሣዕና ዕለት ከቅጽሩ አልፈው፥ ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ፥ ከሴቶች ወገን በወንበር ተቀምጠው አስቀደሱ፤ ቅዳሴው ሳይፈጸም ድካም ስለ በረታባቸው ደግፈን አወጣናቸው። ለፋሲካ በርበሬ የሌለበት የዶሮ አልጫ ሠራንላቸው፤ እርሱንም በጓዳ ሳይሆን ከእኛ ጋር በአንድ መሶብ በሉ።

በሐምሌ ለምርመራ በተመለሱ ጊዜ 51 ኪሎ ደርሰው ነበር። ሐኪሙ የካንሰሩ ምልክት እንዳልታያቸው ነግረው፥ በየሦስት ወሩ እንዲመለሱ አዘዙ፤ ተቅማጡም በሳምንት አንድ ጊዜ ይነሣባቸዋል እንጂ እንደ ቀድሞው አይደለም። ከሆስፒታሉ እንደ ወጡ ግን በመጀመሪያ ያሰቡት ስለ ፍልሰታ ነው። ወደ ንስሐ አባታቸው ደውለው እንዲፈቅዱላቸው ለመኑአቸው። እርሳቸውም «ሐምሌ ሲያልቅ ተመዝነሽ ደውዪልኝ፤ 52 ከሞላሽ እንነጋገራለን» አሏቸው። አክስታችን ስልኩን ዘግተው፥ ለምሳ ሁለት እንቍላል እንዲቀቀልላቸው አዘዙ።